ገል፣ ጠመኔና ውሃ፦ የጸሎት ጥግ ሥራ ማስታወሻ፣ ክረምት 2017

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ጳጉሜንን በየዓመቱ በአዳራሽ ጸሎት ነው የምናሳልፈው፤ ዘንድሮ ግን የጸሎት ቡድኑ አምስቱንም ምሽት ከመድረክ መምራት ሰልችቶታል። ሰው እየተዘዋወረ፣ በእጁ አንድ ነገር እየሠራ የሚጸልይባቸው ቦታዎች ይዘጋጁ ተባለ። ሐሳቡን ያመጣችው ውጭ ተምራ የተመለሰች እህት ናት። ስልኳ ላይ ያሳየችን ፎቶ ሁሉ የድንጋይ ግድግዳ፣ ትራስና ሻማ ነው። የእኛ አዳራሽ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ሲኬድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ፣ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነው። ዝናብ ሲጥል ሰባኪው ራሱን እንኳ አይሰማም።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመረጡኝ ደረሰኝ ስለማልጥል ይመስለኛል።

ወረቀት ላይ ሰባት ጻፍኩ፦ ኃጢአትን ገል ላይ ጽፎ በውሃ ማጠብ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ዞሮ መስቀል ሥር ማስቀመጥ፤ ካርታ ላይ ስለ አገር መጸለይ፤ የምስጋና ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ማንጠልጠል፤ የዝምታ ድንኳን፤ ሻማ፤ መስተዋት። ሰባት ያደረግኩት ሰባት ስለሚያምር ነው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ሽማግሌዎች ፊት ቀረብን። ግማሽ ሰዓት የፈጀው ስሙ ነው። እኔ "የጸሎት ጣቢያ" ብዬ ነበር የጻፍኩት። በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው "ጣቢያ አትበሉት። እኔ ጣቢያ የማውቀው ስጸልይ ተይዤ ነው" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ማንም እንዳልሳቀ አየሁ። በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ አምስት ስድስት እየሆኑ በየቤቱ፣ መጋረጃ ጋርደው፣ በሹክሹክታ ይጸልዩ ነበር። ነገ ሐምሌ 21 ነው፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 የታፈኑበት ቀን። እሱንም አነሱልን። ከዚያ በኋላ ስለ ስም የተከራከረ የለም፤ "የጸሎት ጥግ" ሆነ።

ሻማ ወደቀ። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ መጋረጃው እሳት ይይዛል፣ ደግሞም "ሰው ምን ይለናል"። መስተዋቱም ወደቀ። "መስተዋት ፊት የሚቆም ሰው ጸጉሩን ነው የሚያስተካክለው" ተባለ፤ እውነት ነው። ገሉ ሊወድቅ ትንሽ ቀረው። አንዱ "ገል ያየ ሰው ዕጣኑስ የት አለ ነው የሚለው" ሲሉ "ጋሼ፣ ኢዮብም ገል ይዞ ነበር" አልኳቸው። ሳቁና አለፈ። አምስት ቀረ።

18,000 ብር ጠይቄ 12,000 ተፈቀደልኝ።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ቀጨኔ ሄድኩ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ። ሲተኮስ የተሰነጠቀና የተሰበረ ዕቃ በየደጁ ተከምሯል። አንዲት እናት ጀበና በጠጠር እያለሰለሱ አገኘኋቸው።

"እማማ፣ ይሄ ገል ስንት ነው?"

"የቱ?"

"የተሰበረው።"

እጃቸውን አቁመው አዩኝ። "ልጄ፣ የተሰበረ የሚገዛ ሰው ዛሬ አየሁ። ጀበና ግዢኝና ገሉን በነጻ አፍሺው።"

ጀበናውን በ350 ብር ገዛሁ፣ ከራሴ ኪስ። ማፈስ ስጀምር በሁለተኛው ገል አውራ ጣቴን ቆረጥኩት። አመድ ሊነሰንሱልኝ ፈለጉ፤ ፕላስተር አለኝ ብዬ አመለጥኩ። እዚያው የነገሩኝ ነገር ግን ኋላ ሥራዬን አድኖልኛል። የምጣድ ገል አትውሰጂ አሉኝ፤ በጎመን ዘር የታሸ ፊት ምንም አይጽፍበትም። የእንስራና የጋን ጎን ይሻላል፣ ሰፊ ነው፣ ብዙም አይጎብጥም። ስለታሙን ጠርዝ ደግሞ ሁለቱን ገል ውሃ እያስነኩ እርስ በርስ መፈተግ ነው፤ ሞረድ አያስፈልግም። በሁለት ማዳበሪያ 120 ያህል ቁራጭ ይዤ መጣሁ። ኮንትራት ታክሲ 450 ብር።

ሲመሽ ከወጣቶቹ ሦስቱ ጋር ጓሮ ተቀምጠን ስንፈትግ አመሸን። አንዱ ገል ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። 120ውን አስሉት።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

የጽሕፈት ሙከራ። እስክሪብቶ ገሉ ላይ አይሄድም። ማርከር ይጽፋል፣ ግን ሸክላው ስለሚመጠው በሳሙናም አይለቅም። ከሰል ያምራል፤ ሲታጠብ ግን ገሉን በሙሉ ያጠቁረዋል፣ ለስርየት ማሳያ የማይሆን ነገር ነው። ጠመኔ፦ ይጽፋል፣ ውሃ ውስጥ ሲነከር ወዲያው ይጠፋል። ጨርሰናል አልን። ስድስታችን የልባችንን ጻፍን፣ ሳፋው ውስጥ ነከርን፣ ገሎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ወደየቤታችን ሄድን። ከሳፋው በላይ የለጠፍነው ቃል "ኃጢአታችሁ እንደ አለላ ብትሆን እንደ አመዳይ ትነጻለች" የሚለው የኢሳይያስ ነው።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ጠዋት መጀመሪያ አዳራሹን የከፈተው ጥበቃው ነው። እኔ ስደርስ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ያነባል።

ተመልሶ ወጥቷል። ስድስቱም፣ ከነ ፊደሉ።

ነገሩ ሲጣራ ቀላል ነው። ጠመኔ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ሲርስ ብርሃን ያሳልፍና ዓይን አያየውም፤ ሲደርቅ ነጩ ይመለሳል። እኛ ያየነው መታጠብ ሳይሆን መርጠብ ነበር። የራሴን ገል ከመካከላቸው በእጄ አብሼ ስመልስ ጥበቃው ፊቱን ወደ በሩ አዞረልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው።

መፍትሔ ፍለጋ ሦስት ነገር ሞከርን። ስፖንጅ ያስለቅቃል፣ ግን ሰው ዕቃ የሚያጥብ ይመስላል። ብሩሽም ያው ነው። በመጨረሻ የቀረው መዳፍ ነው፤ ውሃው ውስጥ እንዳለ አሥር ጊዜ ያህል በመዳፍ ማሸት። ሲደርቅ ጥላ የመሰለ ነጭ ነገር ይቀራል እንጂ አይነበብም። በዚያ ላይ ማታ ማታ ከመዝጋታችን በፊት ሁሉንም በቃጫ ፈትገን እናጥባለን ብለን ወሰንን፤ ተረኛም ተመደበ። እንደኔ እንደኔ ማሸቱ የተሻለ ሆነ። ነክሮ ከማውጣት ይልቅ ሰው ትንሽ ይቆያል።

ውሃ በሰፈራችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት፣ ሳፋ ሁለት፦ 1,400 ብር።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ካርታው። ማተሚያ ቤት ያለውን የኢትዮጵያ ካርታ በባነር አሳትሜ በ1,350 ብር አመጣሁ። ዘርግተን ሳንጨርስ አንዱ ወንድም "ሲዳማ የታለ?" አለ። ዘጠኝ ክልል የነበረበት ጊዜ ካርታ ነው። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ነው፤ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ተከተለ፤ የቀረው ደቡብም በ2015 ማብቂያ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ክልሎቹ 12 ሆነዋል። አዲሱን አሳትማለሁ ስል ደግሞ ስለ ወሰን መስመር ሌላ ክርክር ተነሣ፤ እዚህ ያለው መስመር በዚህ ነው፣ የለም በዚያ ነው። የጸሎት ካርታ ሳይሰቀል ጸሎት የሚያስፈልገው ሆነ።

የክልል መስመሩን በሙሉ አስወገድኩት። ወንዞች፣ ሐይቆችና የከተማ ስሞች ብቻ። ዓባይ፣ አዋሽ፣ ኦሞ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ጣና፣ ዓባያ። ሁለተኛ 1,350 ብር። የመጀመሪያው ጥፋት የማንም ሳይሆን የእኔ ነው፤ ሳላይ ነው የከፈልኩት።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሌላም ጣጣ ነበር። የጥቅስ ወረቀቶቹን በወርድ ፋይል ወስጄ ስናወጣው ፊደሉ ሁሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ መጣ፣ ፎንቱ እነሱ ዘንድ የለም። ወደ ፒዲኤፍ ቀይሬ ተመለስኩ።

ባነሩን ፎም ላይ ወጠርነው፤ ሰው ቤተሰቡ ወይም ልቡ ያለበት ቦታ ላይ ስፒል ይሰካል። ለልጆች እንዳይደርስ ከወለሉ 1.30 ሜትር ከፍ አደረግነው።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

አናጺው ሦስቱን ዝቅተኛ ጠረጴዛዎች ዛሬ አስረከበ፣ በአንድ ሳምንት ዘግይቶ። ፍልሰታን ይጾማል፤ በዘጠኝ ሰዓት ነው የሚበላው፣ ከዚያ በፊት መጋዝ አንሣ ማለት ነውር ነው። ትናንት ደግሞ ቡሄ ነበር። ከሞራሌና ከፕላይውድ፣ 3,800 ብር። አንዱ ይወዛወዛል፤ ካርቶን አጥፈን እግሩ ሥር ከተትን።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ልምምድ። የእናቶች ጸሎት ቡድንን ጨምሮ 16 ሰው።

አልሆነም። እውነቱን ልጻፍ፣ ግማሹ ፈርሷል።

በየጥጉ አንድ ኤ4 ወረቀት ለጥፌ ነበር፦ ጥቅስ፣ ማብራሪያ፣ "መጀመሪያ እንዲህ አድርጉ፣ ቀጥሎ እንዲህ"፣ ሁለት የማሰላሰያ ጥያቄ። በ14 ነጥብ፣ 14 መስመር። ሁሉም የመጀመሪያው ጥግ ላይ እየተሰለፈ ማንበብ ያዘ፤ የጸሎት ሳይሆን የቀበሌ ሰልፍ መሰለ። አንዲት እናት ገሉ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ። እየጸለዩ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ኋላ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና "ልጄ፣ ምን ይላል?" አሉኝ። መነጽር የረሱ መስሎኝ ነበር። ማንበብ አይችሉም።

"እማማ፣ ይቅር እንዲባሉ የሚፈልጉትን እዚህ ላይ በጠመኔ ያደርጉና በውሃ ያሹታል" አልኳቸው። ጠመኔውን ይዘው ሦስት ጭረት ጫሩ። ሦስት ምን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ከዚያ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው እያሹ ጮክ ብለው መጸለይ ጀመሩ፤ ሌሎቹ እናቶች ሰምተው መጡ፣ ትከሻቸውን ያዙ፣ አብረው አለቀሱ። ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራው ጥግ ስምንት ሰው ቆመበት። ጠረጴዛዎቹ የተራራቁት 1.20 ሜትር ነው፤ ካርታው ጋ ያለው ሰው በእናቶቹ ክርን ተገፍቶ ወጣ።

ፎቶው ላይ ያየነው ሰው ሁሉ ብቻውን፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነበር። እኔ ያንን ነው የሠራሁት። የእኛ ሰው ቆሞ፣ ድምፁን አውጥቶ፣ ሰው ይዞ ነው የሚጸልይ፤ ይህንን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፣ ግን ጠረጴዛ ስለካ ትዝ አላለኝም።

ለውጡ፦ ወረቀቶቹ ተነሡ። በየጥጉ አንድ አጭር ቃል ብቻ፣ ጣት በሚያህል ፊደል። ድንጋዩ ጋ "የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት"። በየጥጉ አንድ ሰው ይቆማል፤ ለመጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራል፣ ከዚያ ወደኋላ ይላል። መጀመሪያ የታሰበው ድምፅ ቀርጾ በኪውአር ኮድ ማስደመጥ ነበር። እናቶቹ የያዙትን ስልክ ሳይ ተውኩት። በጥጎቹ መካከል ቢያንስ 3 ሜትር፤ ስለዚህ 90 ወንበር ከአዳራሹ መውጣት አለበት።

የዝምታው ድንኳንም አልሆነም። አሥራ አራት ሜትር አቡጀዲ፣ ሜትሩ 110 ብር፣ 1,540 ብር የወጣበት ነው። አጠገቡ እናቶች እያለቀሱ፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ እየወረደ የምን ዝምታ? ገብቼ ሳይ ሁለት ልጆች ውስጥ ተቀምጠው ቲክቶክ ያያሉ። መብራታቸው አቡጀዲው ላይ ሲያርፍ ግን ያምር ነበር፣ አልዋሽም።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ትልቁ ሽማግሌ ድንኳኑን ሊያዩ መጡ። ዙሪያውን ዞሩ፣ ጨርቁን ዳሰሱ። "ዝምታ በጨርቅ አይሠራም፤ ግንብ ይፈልጋል" አሉና ከደረጃው ሥር ያለችውን የመጥረጊያና የባልዲ ክፍል አሳዩኝ። ሁለት ሜትር በአንድ ተኩል። ዕቃውን አወጣን፣ ግድግዳውን በአቡጀዲው ሸፈንን፣ አንድ ዱካ አስገባን። ድንኳኑ በዚህ አበቃ።

ድንጋይም ዛሬ ተገዛ። ከአበባና ችግኝ ሻጮች መጀመሪያ ነጭ ጠጠር ነበር ያመጣሁት፤ ያምራል፣ ግን ሸክም አይመስልም፣ ኪስ ይገባል። መልሼ እጅ በሚሞላው የወንዝ ድንጋይ ቀየርኩት። አንድ ከረጢት 600 ብር፣ ስንቆጥረው 60 ድንጋይ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

መብራት። በሻማ ፋንታ 10 ሜትር ኤልኢዲ ስትሪፕ ከነ አዳፕተሩ፣ 1,900 ብር። ለኩሰን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አዳፕተሩ እንቁላል የሚጠብስ ሆነ፤ የስትሪፑ ጫፍም ፈዝዟል። ኤሌክትሪሺያን የሆነው ወንድማችን ሳቀብኝ። ስትሪፑ በሜትር 14.4 ዋት ይበላል፣ አሥሩ ሜትር 144 ዋት። አዳፕተሩ 12 ቮልት 5 አምፔር ነው፣ ማለትም 60 ዋት። ሻጩ "ይችላል" ብሎኝ ነበር። ቁጥሩ ጀርባው ላይ ተጽፎ ሳለ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ አላባዛሁትም። መቁረጫው መስመር ላይ ቆርጦ 3 ሜትር ብቻ መስቀሉ ጀርባ አደረገው፤ 43 ዋት ገደማ፣ አዳፕተሩም ለብ ከማለት አያልፍም። የቀረው 7 ሜትር ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል።

መብራት ቢሄድ ተብሎ አራት ቻርጀር አምፖል፣ 1,400 ብር።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

140 ሰው ገደማ። ጣሪያው ልክ የምስጋናው ገመድ በላይ አፈሰሰ፤ ወረቀቶቹ ላይ ቀለሙ ወረደ። ገመዱን ወደ ግድግዳው አዛወርነው፣ ባልዲ ከሥሩ አደረግን። ሌላው ደኅና ነው። ገሉ ጋ ሰልፍ ነበረ፣ ግን ሰው ሰልፉ ላይ ቆሞም ይጸልያል፤ ማንም አልተጣደፈም።

ሲዘጋ ድንጋይ ቆጠርኩ። ከ60 ድንጋይ መስቀሉ ሥር 44 ብቻ። ጣሉት ያልናቸውን 16 ይዘውት ወጥተዋል። ነገ በመድረክ ይነገር አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ "ተይው፤ ለማስቀመጥም ጊዜ ይፈጃል" አሉ። ከጓሮ ለቅመን ሞላን።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ቃጫ ተረኛው ሳይመጣ ቀረ። እኔና ጥበቃው እስከ አራት ሰዓት ገል አጠብን። አሁን አያነብም፤ ገሉን እያገላበጠ በጀርባው በኩል ይቀበለኛል።

ሥራ ውላ የመጣች አንዲት ሴት በሩ ላይ ቦርሳዋን ከፍታ ድንጋይ አወጣች። ከቅዳሜ ጀምሮ ይዛው ነው የከረመችው፣ ቢሮም አብሯት ገብቷል። "ይቅርታ፣ ገና አልጨረስኩም ነበር" አለችኝ፤ ደንብ የጣሰች ይመስል። ሄዳ መስቀሉ ሥር አስቀመጠችው፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ተመልሳ አነሣችው። ይዛው ወጣች። ምንም አላልኩም።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ግድቡ የተመረቀበት ቀን። ሰው አርፍዶ መጣ፣ መጣም ሲል በደስታ ነው። ካርታው ላይ ጉባ አካባቢ ስፒል ከስፒል ላይ ተሰክቶ ፎሙ ተቦጨቀ፤ በስኮች ለጠፍነው። እስከ ዛሬ ብዙ ስፒል ያለባቸው ቦታዎች ወሎ፣ ጎንደር፣ ወለጋና መቀሌ ናቸው። ከካርታው ጠርዝ ውጭ ባዶው ፎም ላይም ተሰክቷል፣ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ባሕሩን አሻግሮ። አንዷን እናት ጠየቅኳት። "ልጄ ሪያድ ናት" አለች። ነገ እዚያ ጋ ነጭ ወረቀት እጨምራለሁ።

ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ

ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ከአራቱ ቻርጀር አምፖል ሁለቱ ብቻ በሩ፣ የቀሩትን ቻርጅ ያደረገ የለም። ሰው ግን አልተንቀሳቀሰም። ውጭ የሰፈሩ ልጆች ችቦ አብርተው "ኢዮሃ" ይላሉ፣ ብርሃኑ በመስኮት ይገባል። በጨለማ ገል ላይ ምን እንደሚጻፍ አይታይም፤ ማንም ቅር አላለውም። ትልቁ ሽማግሌ ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍል የወጡት መብራቱ ከመጣ በኋላ ነው። መሄዱን አልሰሙም።

መስከረም 4፣ 2018፣ እሑድ

ሒሳብ አስረከብኩ። አናጺ 3,800፤ ካርታ ሁለት ጊዜ 2,700፤ መብራት 3,300፤ አቡጀዲ 1,540፤ ፎምና ስፒል 1,440፤ ሳፋና ጀሪካን 1,400፤ ድንጋይ 600፤ ጠመኔ፣ መቆንጠጫ፣ ሲባጎና ወረቀት 620፤ ታክሲ 450። ድምር 15,850 ብር፣ ከተፈቀደው 3,850 ያልፋል። ገንዘብ ያዡ ደረሰኞቹን አይቶ ልዩነቱን አጸደቀልኝ፤ የመጀመሪያውን ካርታ ግን "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። አሁን የወጣቶች ክፍል ጠረጴዛ ልብስ ሆኗል።

ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ወደ መጥረጊያና ባልዲ አልተመለሰችም። ዱካው እንዳለ ነው፣ ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ ነው። ገሎቹ በማዳበሪያ ተቋጥረው ጓሮ ተቀምጠዋል፤ 11 ተሰብሯል፤ የተሰበረ ገልም ያው ገል ነው፣ ጠርዙን መፈተግ ብቻ ነው።

ድንጋዮቹን ዛሬ ጠዋት ቆጠርኩ። ከገዛሁት 60 ውስጥ 51። ሴትዮዋ ፊት ለፊት ሁለተኛው ረድፍ ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው።